ክላውድ ላይ የጫናችሁት የሰው ገመና ነው

ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች፣ ለጤና ሲስተም ሠሪዎችና ውል ለምትፈርሙ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

የሥራ ዘመኔ ያለፈው በታካሚ መዝገብ መካከል ነው። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ውስጥ በወረቀት፣ ከዚያ በኮምፒውተር፣ አሁን ደግሞ በታብሌትና በስልክ። የታካሚ መረጃ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር መሄዱን፣ ሐኪሙም ነርሷም በእጃቸው በያዙት ስልክ መዝገብ መክፈታቸውን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። መረጃው ክላውድ ላይ ሲጫን ኃላፊነቱም አብሮ የተጫነ እየመሰለን መጥቷል። ስብሰባ ላይ ስለ ታካሚ ምስጢር ሲጠየቅ «እሱ ክላውድ ላይ ነው» ይባልና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። ክላውድ ላይ መሆኑ የት እንዳለ ይነግረናል። ማን እንደሚጠብቀው፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ግን አይነግረንም።

ስለ ጥቅሙ አስቀድሜ ልናገር። ከዚህ በታች የምለውን «ድሮ ይሻል ነበር» ብሎ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር። ድሮ አይሻልም። ወረቀትን የሚናፍቅ ሰው ካርድ ጠፍቶበት መስኮት ላይ ቆሞ የማያውቅ ነው። ካርድ ይቀደዳል፣ ውሃ ይገባዋል፣ በሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ተሰክቶ ዓመት ይከርማል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ታካሚው ወደሄደበት አይከተለውም። አንዱ ሆስፒታል ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ያስቀምጣል። ሰውየው ሌላ ከተማ ውስጥ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ያ ቀይ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ተረኛው ሐኪም የሚያውቀው ነገር የለም። መረጃው አለ፤ ግን በሚፈለግበት ሰዓት የለም።

ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲያጥለቀልቅ ይህ በግልጽ ታይቷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በየሐኪም ቤቱ የነበረ የወረቀት መዝገብ ከጎርፉ ጋር ሄደ። የተፈናቀሉት ሰዎች የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን የሚናገር ወረቀት አልነበራቸውም። በአንጻሩ የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች መዝገባቸው ኤሌክትሮኒክ ነበር። ስለዚህ ሌላ ከተማ የደረሱት ታካሚዎቻቸው ታሪክ እዚያው ተከፍቶ ሕክምናቸው ቀጠለ። እኔ ለዚህ ነገር ያለኝን እምነት የሚያናውጥ ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ወደ ክላውዱ ልምጣ። ክላውድ በቀላሉ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ትልቅ ሕንጻ ውስጥ የተደረደረ፣ ጄኔሬተር የተተከለለት፣ ሌት ተቀን የሚጠበቅ ኮምፒውተር። በተጠቀማችሁበት ልክ ትከፍላላችሁ። ቦታ ሲጠብባችሁ አዲስ ማሽን እስኪገዛ አትጠብቁም። በየሆስፒታሉ ምድር ቤት አቧራ ለብሶ፣ የሚያድሰው ሰው አጥቶ ከተቀመጠ ሰርቨር እጅግ የተሻለ ነው። ያ ያልታደሰ ማሽን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በግንቦት 2017 ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ኮምፒውተር ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝን የሕዝብ ጤና አገልግሎት መታ። ከ236 የሆስፒታልና የጤና አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹ ተጎዱ፤ ቀጠሮ ተሰረዘ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተመለሰ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር። ያልተጫነው ጫኝ ስለጠፋ ነው። ክላውድ አቅራቢዎች ይህን ሥራ ቀጥ አድርገው ይሠሩታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ግን እነሱም ራሳቸው ድርሻቸው የት ድረስ እንደሆነ አይደብቁም። «የጋራ ኃላፊነት» ይሉታል። ሕንጻውን፣ ማሽኑን፣ መብራቱን እነሱ ይጠብቃሉ። ለማን በር እንደሚከፈት፣ ማን የትኛውን መዝገብ እንደሚያይ፣ መጠባበቂያ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን ደንበኛው ነው። ደንበኛው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ይህ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው እዚያ ገጽ ሳይደርስ ነው የሚፈርመው።

በመጋቢት 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ የአንድ ትልቅ ክላውድ አቅራቢ የመረጃ ማዕከል በእሳት ጋየ። አንዳንድ ደንበኞች በማግስቱ ከሌላ ከተማ ቅጂያቸውን አምጥተው ሥራ ጀመሩ። ሌሎቹ ቅጂያቸውም እዚያው ግቢ ስለነበረ አብሮ ተቃጠለ። እሳቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለጥፋቱ መጠን ልዩነት ያመጣው ደንበኛው ቀድሞ የጠየቀው ጥያቄ ነው። በየካቲት 2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ክፍያና የሐኪም ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር ተጠለፈ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ተነካ። ፋርማሲዎች መድኃኒት መስጠት ተቸገሩ። 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ተከፈለ። ጠላፊዎቹ የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ባልተደረገበት አንድ መግቢያ በኩል እንደነበር የእናት ኩባንያው ኃላፊ በኮንግረስ ፊት ተናግረዋል። ስልክ ላይ የምትመጣዋ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ አልነበረችም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንሂድ፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሌሊት ነው። አልጋ ክፍል ውስጥ ያለችው ነርስ ታብሌቷን ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች። አራተኛው አልጋ ጋ ስትደርስ ኔትወርኩ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ነገር መዞር ይጀምራል። ታካሚው የስድስት ሰዓት መድኃኒቱን ወስዷል ወይስ አልወሰደም? ያለፈው ተረኛ መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን ከኢንተርኔቱ ማዶ ነው። ሁለት ጊዜ ብትሰጠው አደጋ ነው። ብትዘለውም አደጋ ነው። ጠዋት ብሶት ስታሰማ የሚሰጣት መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ «ሲስተም አልነበረም»። ባንክ ቤት ሲስተም የለም ሲባል ነገ ይመለሳሉ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ነገ ልመለስ አይልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አፑ ያለ ኔትወርክ ምን ይሠራል? «ኔትወርክ ሲመለስ ይሠራል» መልስ አይደለም። በዚያ ፈረቃ ያሉት ታካሚዎች መረጃ፣ የመድኃኒት ዝርዝራቸው፣ የማይስማማቸው ነገር፣ የመጨረሻው የምርመራ ውጤት ታብሌቱ ላይ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ነርሷ የምትጽፈውም እዚያው ተይዞ ኔትወርኩ ሲመጣ ይላክ። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና ከ70 በላይ አገሮች የሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሲስተም ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ በኋላ የሚልክ የስልክ አፕ አለው። መንገድ ላይ ያለች የጤና ሠራተኛ የልጆችን ክትባት ስትመዘግብ ኔትወርክ አለ የለም ብላ አትጨነቅም። ሜዳ ላይ የተቻለ ነገር ሆስፒታል ውስጥ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ሲስተም ሠሪዎችን ለይቼ ላናግር፤ ችግሩ በትክክል የሚደበቅበት ቦታ ነውና። ኔትወርክ በሌለበት መጻፍ ከተፈቀደ አንድ ቀን ሁለት ታብሌቶች ስለ አንድ ታካሚ ሁለት የተለያየ ነገር ይይዛሉ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እንውሰድ። ታካሚው 5 ሚሊግራም እየወሰደ ነው። ጠዋት ዙር ላይ ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ወደ 2.5 ያወርደዋል። ኔትወርክ ስለሌለ ትእዛዙ እሱ ታብሌት ላይ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነርሷ በራሷ ታብሌት ያንኑ ትእዛዝ ከፍታ የሚሰጥበትን ሰዓት ብቻ ታስተካክላለች። እሷ ጋ የሚታየው ገና 5 ነው። ኔትወርኩ ይመለሳል። ሲስተሙ ሁለቱን ያያል። «የመጨረሻው ያሸንፋል» ተብሎ ስለተሠራ የነርሷን ይይዛል፣ የሐኪሙን ይጥላል። 5 ሚሊግራም ተመልሶ ይጸድቃል። ሐኪሙ ቀንሻለሁ ብሎ ሄዷል። ነርሷ መጠኑን አልነካችም። ማንም አላጠፋም፤ ታካሚው ግን ሊደማ ነው።

ይህ እንዳይሆን መጠኑና ሰዓቱ ለየብቻ ይመዝገቡ። ሁለት ጽሑፎች ሲጋጩ ሲስተሙ ዝም ብሎ አንዱን አይምረጥ፤ ሁለቱንም አሳይቶ ሐኪሙ ይወስን። የመሣሪያ ሰዓት አይታመን፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ታብሌት ሞልቷል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ይህ መረጃ ከሦስት ሰዓት በፊት የመጣ ነው» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይታይ። አሮጌ መረጃ ትኩስ መስሎ ከመታየት ባዶ ስክሪን ይሻላል። ባዶ ስክሪን ቢያንስ ሰው ያስጠይቃል።

ስልክ ሌላም ጣጣ አለው። ሐኪሞች የኤክስሬይ ፎቶ በዋትስአፕና በቴሌግራም ግሩፕ ይለዋወጣሉ። ይህን የማያውቅ የሆስፒታል ኃላፊ ካለ ዛሬ ይወቅ። የሚያደርጉት ግዴለሽ ስለሆኑ አይደለም። ሌሊት ላይ ስፔሻሊስቱ ቤቱ ነው፣ የታካሚው ሳንባ እየከፋ ነው፣ ኦፊሴላዊው አፕ ደግሞ አንድ ምስል ለመክፈት ዘለዓለም ይፈጃል። ስለዚህ በስልኩ ያነሳዋል፣ ይልከዋል፣ መልስ ያገኛል፣ ሰው ይተርፋል። እኔ ይህን ሐኪም የምወቅስበት አፍ የለኝም። ግን ፎቶውን ተከትላችሁ ሂዱ። ጥግ ላይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር አለ። ፎቶው የሐኪሙ ስልክ ጋለሪ ውስጥ ገብቷል። ስልኩ ደግሞ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ግል ክላውድ ይገለብጣል። ያ አካውንት ምናልባት ቤት ያለ ታብሌት ላይም ተከፍቷል፤ ልጆች የሚጫወቱበት። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሐኪሞች ስልክ ላይም እንዲሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀው ሐኪም አሁንም ግሩፑ ውስጥ አለ። ተቋሙ ስንት ቅጂ የት እንዳለ አያውቅም። ሊያጠፋውም አይችልም።

በደብዳቤ መከልከል ይህን አያስቆምም። በብዙ ቦታ ተከልክሏል፣ በብዙ ቦታ ይደረጋል። የሚያስቆመው ከቴሌግራም እኩል የሚፈጥን፣ ፎቶው ጋለሪ ውስጥ የማይቀርበት፣ የታካሚው ስም ከምስሉ የሚለይበት፣ ሥራ የለቀቀ ሰው በዚያው ቀን የሚወጣበት መሣሪያ መስጠት ነው። ሰው አቋራጭ የሚሄደው ዋናው መንገድ ስለተዘጋበት ነው።

የይለፍ ቃሉም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በየሦስት ደቂቃው የሚቆለፍ፣ አሥራ ሁለት ፊደል የሚጠይቅ ስክሪን ጓንት ላጠለቀ ሰው የተሠራ አይደለም። ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። አንድ ሰው ጠዋት ይገባል፤ ፈረቃው በሙሉ በእሱ ስም ይሠራል። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ወረቀት ላይ «ጥብቅ» የሆነው ደንብ በተግባር ማን ምን እንደጻፈ የማይታወቅበትን መዝገብ ፈጠረ። ባጅ አስነክቶ ወይም ጣት አስነክቶ በሁለት ሰከንድ መግባት ይቻላል። ገንዘቡን እዚያ ላይ አውጡት። ስልክ ሲጠፋ ከርቀት የሚጠፋበትን መንገድም ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ፤ ስልክ መጥፋቱ አይቀርም።

አሁን የደብዳቤዬ ዋና ነጥብ ላይ ደረስኩ። እስካሁን ስለ ሐኪም፣ ስለ ነርስ፣ ስለ ሰርቨር አወራሁ። መዝገቡ ግን የማን ነው? በውስጡ ያለው የሰው ገመና ነው። ማን ልጅ መውለድ እንዳልቻለ፣ ማን በምን ምክንያት እንዳስወረደች፣ ማን ራሱን ለማጥፋት እንደሞከረ፣ ማን ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ። ሰው ለእናቱ ያልነገረውን ለሐኪም ይናገራል። የሚናገረው እዚያው ይቀራል ብሎ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል ነበር። በጥቅምት 2020 ከ30 ሺህ በላይ ታካሚዎቹ መረጃ መሰረቁ ታወቀ። የተሰረቀው ስምና አድራሻ ብቻ አልነበረም። ታካሚዎቹ በምክክር ሰዓት የተናገሩት፣ ባለሙያው የጻፈው ማስታወሻ ጭምር ነው። ጠላፊው መጀመሪያ ድርጅቱን ገንዘብ ጠየቀ። እምቢ ሲባል ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ለእያንዳንዳቸው «ክፈሉ፣ አለበለዚያ የተናገራችሁትን አወጣዋለሁ» ብሎ ኢሜይል ላከላቸው። ድርጅቱ ከሠረ፤ ጠላፊውም ተይዞ በ2024 ተፈረደበት። ግን የወጣ ቃል አይመለስም። የተሰረቀ የባንክ ካርድ ይቀየራል። የተሰረቀ የሕይወት ታሪክ በምን ይቀየራል?

ጠላፊ ደግሞ አንዱ ስጋት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ መዝገብ የሚከፍተው ውስጥ ያለ፣ ፈቃድ ያለው፣ ግን ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። ጎረቤቱ ለምን ሆስፒታል እንደገባች ለማወቅ የፈለገ። የቀድሞ ሚስቱን የሚከታተል። ታዋቂ ሰው ተኝቷል ሲባል ወሬውን ሊያይ የገባ። ወረቀት በነበረ ጊዜ ይህን ለማድረግ ካርድ ክፍል መጥቶ ሰው ፊት መቆም ነበረበት። እኛም «ምን ልታደርግበት?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አሁን መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልኩ ይከፍተዋል። የሚጠይቀው የለም።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ሆኖ ያገኘሁት የኢስቶኒያ አሠራር ነው። አገሪቱ በ2008 ብሔራዊ የኤሌክትሮኒክ ጤና መዝገብ ስትጀምር ታካሚው በራሱ አካውንት ገብቶ መዝገቡን ብቻ ሳይሆን ማን እንደከፈተውም እንዲያይ አደረገች። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን ያያል። የማያውቀው ሐኪም ስም ካየ ይጠይቃል፤ ሐኪሙም ምክንያቱን መናገር አለበት። ልብ በሉ፣ ይህ ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚመዘግብ ሎግ የእናንተም ሲስተም ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። የጎደለው ለባለቤቱ ማሳየት ነው። አንድ ኦዲተር በዓመት አንዴ ከመቶ ሺህ መዝገብ ጥቂቱን ያያል። ታካሚ ግን የራሱን አንድ መዝገብ በደንብ ያውቀዋል፤ ማን ጋ እንደታከመ ያስታውሳል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሌላውን ጥያቄዬን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይህን አትተዉት። ታካሚው ማን መዝገቡን እንደከፈተ በስልኩ ይይ።

«ድንገተኛ ሲሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ድንገተኛ ሲሆን ማንኛውም ተረኛ ይክፈት፤ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፎ ይክፈት፤ ታካሚው ሲነቃ ይወቀው። በር መቆለፍና ማን እንደገባ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕይወት ለማዳን የገባ ሐኪም ስሙ ቢታይ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ለታካሚው የምትልኩት መልእክትም ላይ አስቡ። ስልክ ሁልጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ ስልክ የሚጠቀሙበት ቤት አለ። የልጅቷን ስልክ አባት የሚያይበት ቤት አለ። ስልኩ የራሷ ቢሆን እንኳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ መልእክቱ በተቆለፈ ስክሪን ላይ ይነበባል። «የኤችአይቪ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ቀን ነገ ነው» የሚል አጭር መልእክት የአንድን ሰው ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል። ላኪው ስም ላይ የክሊኒኩ ዓይነት አይጻፍ። ሲመዘገቡም አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «በዚህ ቁጥር መልእክት ብንልክ ሌላ ሰው ያየዋል?» የዚህች ጥያቄ ወጪ ስንት ነው?

መረጃውን «ስም ሰርዘን» ለምርምር ወይም ለኩባንያ እንሰጣለን ስትሉም ረጋ በሉ። በ1990ዎቹ የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ግዛት የሠራተኞቹን የሆስፒታል መረጃ ስማቸውን ሰርዞ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ያኔ ተማሪ የነበረች የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ የመራጮች መዝገብ ገዝታ ሁለቱን አመሳከረች። የፖስታ ኮድ፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ተጠቅማ የግዛቱን ገዢ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መረጃ ለይታ አወጣች። ስም መሰረዝ ብቻ ሰውን አይሰውርም። ምርምር ይደረግ፤ ለሕክምና ትልቅ ጥቅም አለው። ግን ታካሚው ይወቅ፣ እምቢ የማለት መብትም ይኑረው።

የመጨረሻው ጉዳይ ውሉ ነው። ስትገቡ ስለ መውጫው ጠይቁ። መረጃ ማስገባት በነጻ፣ ማውጣት በክፍያ የሆነበት ውል ብዙ ነው። ድርጅቱ ቢከስር፣ ዋጋ ቢጨምር፣ ባትስማሙ መረጃችሁን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ? በምን መልክ? «በፒዲኤፍ እንሰጣችኋለን» ካሉ አትፈርሙ። ለሕክምና ምስል ዳይኮም የሚባል መስፈርት አለ፤ ለሕክምና መረጃ ልውውጥ ኤችኤል7 የተባለው ድርጅት ያወጣው ፋየር የሚባል መስፈርት አለ። እነዚህን የማይናገር ሲስተም ሌላ ሲስተም ጋ ሲሄድ ዲዳ ነው።

መስፈርት ደረቅ ነገር ይመስላል። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። የደም ስኳር በሁለት መለኪያ ይጻፋል። በአንዱ 90 የሆነው በሌላው 5 ገደማ ነው። ሁለቱም ጤናማ ነው፣ ሁለቱም ያው ነው። አሁን መለኪያው ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ተላለፈ እንበል። «20» የሚል መጣ። በአንዱ መለኪያ ሰውየው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ነው፤ ስኳር ይሰጠው። በሌላው ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሏል፤ ኢንሱሊን ይፈልጋል። ቁጥሩ አንድ፣ ሕክምናው ተቃራኒ። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር መለኪያው አብሮ ይጓዝ የምለው።

ስለ ሥልጠና ብዙ አልልም። አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ ፓወርፖይንት ማሳየት ሥልጠና እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። ከሠራተኛው ጎን ለሳምንታት የሚቆም ሰው መድቡ።

አሁን የምጠይቃችሁ እንድታምኑኝ አይደለም፤ እንድትሞክሩት ነው። ቀን ቁረጡ። ለሠራተኛው ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ተጠባባቂ የወረቀት ቅጽ አዘጋጁ፣ ከዚያ አንድ አልጋ ክፍል ላይ ኔትወርኩን ለአንድ ሰዓት አጥፉት። ነርሶቹ የትኛውን መረጃ ማየት እንዳቃታቸው ጻፉ። ኔትወርኩ ሲመለስ የተጻፈው ሁሉ በትክክል መግባቱን አንድ በአንድ አመሳክሩ። በዚያው ሳምንት ከመጠባበቂያ ቅጂው ላይ የጥቂት ታካሚዎችን መዝገብ አስመልሳችሁ እዩ፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ አለን አይባልም። ከዚያ የራሳችሁን መዝገብ ጠይቁ። አዎ፣ እናንተም ታካሚዎች ናችሁ። ባለፈው ዓመት ማን እንደከፈተው ዝርዝሩ ይሰጣችሁ። ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ስሞቹን ሁሉ እንደምታውቋቸው እዩ። ሲስተም ሠሪዎችም ይህ ሙከራ ሲደረግ ቢሮ ሳይሆን አልጋ ክፍሉ ውስጥ ተገኙ።

ውጤቱን ለሠራተኞቻችሁና ለታካሚዎቻችሁ በግልጽ ንገሩ፤ የጎደለውም፣ የሚስተካከልበት ቀንም ይጻፍበት። የሚቀጥለው ውል የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የታካሚ መዝገብ ባለሙያ